ከምራቅ እጢ ቀዶ ጥገና በኋላ ያበጠ ሁሉ መግል አይደለም

ከጆሮው ሥር ያለው የምራቅ እጢ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት፣ ፈሳሽ ማውጫ ቱቦው ወጥቶለት ቤቱ የገባ ሰው ከቀናት በኋላ ስፌቱ ሥር ቢያብጥበት፣ ዘመድ አዝማዱ ባንድ አፍ «መግል ቋጥሯል» ይለዋል። ከዚያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛ አንቲባዮቲክ ይመጣል፤ ሲብስም በጣት መጭመቅ ይጀመራል። ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ የምንሠራ ነርሶች ይህን መስማት ሰልችቶናል።

እጢው ብዙውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። የፊት ነርቭ በመሃሉ ስለሚያልፍ፣ ሐኪሙ እባጩ ያለበትን ክፍል አንስቶ ሌላውን ይተወዋል። የቀረው ደግሞ ሥራው ምራቅ ማመንጨት ነው። የተቆረጠው ጠርዝ እስኪሽር ድረስ ምራቁ መሄጃ አጥቶ ቆዳ ሥር ይጠራቀማል። እንዲህ ያለው እብጠት ለስለስ ይላል፤ ምግብ ሲቀርብ ከፍ ይላል፤ ትኩሳትም የለውም። ቆዳው ከቀላ፣ ከጋለና ከጠዘጠዘ በእርግጥ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ያንን የሚለየው ግን ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይደለም። ካጠራጠረ ፈሳሹ በመርፌ ተቀድቶ አሚሌዝ የተባለው የምራቅ ኢንዛይም ይለካል። አንቲባዮቲክ ምራቅ አያደርቅም! ሕክምናው በመርፌ መቅዳት (ሲያስፈልግ ደጋግሞ)፣ ጠበቅ ያለ ፋሻና ትዕግሥት ነው። በዚህ እምቢ ላለው እብጠት ደግሞ ምራቅ የሚቀንስ መድኃኒት፣ ወይም እጢው ምራቅ እንዳያመነጭ የሚያግደው የቦቱሊነም መርፌ አለ። አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል።

አንድ አባት እብጠቱ እንዲሟሽሽላቸው ሎሚ ሲመጡ ከርመው መጡ። «የምራቁን መንገድ ይከፍታል ብለውኝ ነው፣ ልጄ» አሉ። ምክሩ የሌላ በሽታ ነው፦ ጠጠር የምራቅ መውረጃውን ሲዘጋ ጎምዛዛ ነገር ምራቁን ገፍቶ ያግዛል። በተቆረጠ እጢ ላይ ግን ቧንቧው በፈነዳበት ቤት ውኃውን እንደ መክፈት ነው። ሎሚው ቀርቶ ፋሻው ሲጠብቅ እብጠቱ ጎደለ።

ከታካሚዎች የምንሰማው ሌላም የተሳሳተ አባባል አለ። «ቱቦው ቶሎ ቢወጣልኝ ቶሎ እድናለሁ።» የሚወሰነው በልኬት ነው፤ ብዙ ሐኪሞች ፈሳሹ በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲወርድ ያወጡታል። «በየጊዜው ለክታችሁ ጻፉ» የምንለው ወረቀት ስለምንወድ አይደለም።

«ኳሱ ካልተነፋ አይስብም።» ኳሱ ቱቦው ጫፍ ላይ ያለው ፈሳሽ መሳቢያ ነው፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ባዶውን ጨምቃችሁ፣ እንደተጨመቀ ክደኑት። ተነፍቶ ካገኛችሁት ወይ ሞልቷል፣ ወይ አየር ገብቶበታል።

«እጢ ከወጣ አፍ ይደርቃል።» ሦስት ጥንድ ትልልቅ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ እጢዎች አሉን። አንዱ ቢወጣ አይደርቅም።

«ቀይ ፈሳሽ መጣ፣ ደሜ አለቀ!» መጀመሪያ ላይ ቀይ፣ ቀጥሎ ሮዝ፣ ኋላ ቢጫማ መሆኑ የተለመደ ነው። የሚያስፈራው ኳሱ በደማቅ ደም ቶሎ ቶሎ ሲሞላ፣ ወይም ቱቦው ተደፍኖ ምንም ሳያወጣ አንገት እየተወጠረ ሲያብጥ ነው። በተለይ ከአገጭ ሥር ያለው እጢ ወጥቶ ከሆነ፣ የተጠራቀመው ደም የአየር መንገድን ሊጫን ይችላል። መተንፈስ ወይም መዋጥ ካስቸገረ ነገን ሳትጠብቁ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።