ጉዲፈቻ ምንድን ነው? «እያሳደግሁት ነው» ማለትስ ይበቃል?
ሰሞኑን አንድ ሰው በሰው ፊት ቆሞ ሲናገር ሰማሁት። «በየወሩ ብር እየላክሁ አንድ ልጅ በጉዲፈቻ ወስጃለሁ» አለ። ተጨበጨበለት። ሰውየው ደግ ሰው ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ያደረገው ነገር ግን ጉዲፈቻ አይደለም፤ ልጅ መርዳት ነው። በቤተሰብ ሕግ ጉዳዮች ላይ ስሠራ ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ዝም ብዬ ማለፍ የሚያቅተኝ በቃሉ መሳሳት ምክንያት የሚጎዳው ልጁ ስለሆነ ነው።

ጉዲፈቻ የልጁ ሕጋዊ ወላጅ ማን እንደሆነ የሚለውጥ ውሳኔ ነው። ማብላት፣ ማስተማር፣ አብሮ መኖር ያለ ጉዲፈቻም ይኖራሉ።

ቃሉ ራሱ ሳያሳስት አልቀረም። ከአፋን ኦሮሞ የመጣ ነው፤ ከማሳደግ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ አንድ ሰው «አሳድጌዋለሁ፣ እንግዲህ የጉዲፈቻ ልጄ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ሕጉ ግን ማን አሳደገው ብሎ አያበቃም። ይህ ልጅ የማን ልጅ ነው ብሎ ይጠይቃል።

እኔ ብዙ ጊዜ በችግኝ ነው የማስረዳው። ጎረቤትህ ግቢ አንድ ችግኝ አለ እንበል። በአጥር አሻግረህ ውኃ ብታጠጣው ጥሩ አደረግህ፤ ችግኙ ግን አሁንም የጎረቤትህ ግቢ ነው። ያ ወርሃዊ እርዳታ ነው። ጎረቤትህ ሲቸገር ችግኙን በቆርቆሮ አድርገህ በረንዳህ ላይ ብታቆየውስ? ይህ ልጅን በአደራ ማሳደግ ነው፤ ፎስተር ኬር የሚሉት። ነገ ወደ ቦታው ሊመለስ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ዓላማው እሱ ነው። ጉዲፈቻ ችግኙን ከነሥሩ አንስቶ በራስህ መሬት መትከል ነው። ከዚያ በኋላ «ለጊዜው ነበር» አይባልም። ድርቅ ቢመጣም ያንተ ነው።

በመካከል ሞግዚትነት አለ። ሞግዚት ስል በሕግ የተሾመውን ሰው ማለቴ ነው እንጂ ቤት ውስጥ ሕፃን የምትጠብቀዋን አይደለም። ሞግዚት ስለ ልጁ ይወስናል፣ ይፈርማል፣ ንብረቱን ይጠብቃል። ወላጅ ግን አይሆንም። ልጁ አካለ መጠን ሲደርስ ሞግዚትነቱ ያበቃል። ወላጅነት በ18 ዓመት አያበቃም።

«ወረቀት ምን ያደርጋል፣ ፍቅር ይበቃል» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ፍቅሩን አልንቅም። ግን እስቲ ልጁ ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልገው ማን ይፈርማል? ፓስፖርት ሲወጣለት ወላጅ ነኝ ብሎ የሚቀርበው ማን ነው? ዐሥር ዓመት ያሳደገችው ሴት በድንገት ብትሞትስ? ወንድሞቿ መጥተው «ይህ ልጅ ምኗም አይደለም» ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጁ «እማዬ» እያለ ያደገባትን ቤት ጥሎ ወጣ። ፍቅር ጎድሎ አልነበረም፤ የጎደለው ውሳኔ ነው።

ሌላው የሚያበሳጨኝ «ከእናቱ ጋር ተፈራርመናል» የሚለው ነው። ሁለት ሰዎች ወረቀት ላይ ስለፈረሙ ልጅ ወላጅ አይቀይርም። በአንዳንድ አገሮች ሕግ ጉዲፈቻ ከስምምነት ይነሣል፤ የሚጸናው ግን ፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን ያለው አካል መርምሮ ሲያጸድቀው ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን (ዓለም አቀፍ ስምምነት) በአንቀጽ 21 ይህን በግልጽ ይጠይቃል። እዚያው ላይ እኔ ደጋግሜ የማነበው ነገር አለ። አንቀጽ 3 ልጆችን በሚነኩ ጉዳዮች ሁሉ የልጁ ጥቅም ከሚታዩት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ይሁን ይላል። አንቀጽ 21 ላይ ሲደርስ ግን ቃሉ ይጠነክራል፤ በጉዲፈቻ የልጁ ጥቅም ከሁሉም ይበልጣል። ስለዚህ «ልጅ የሌለው ሰው ልጅ የሚያገኝበት መንገድ» የሚለው ትርጉምም ልክ አይደለም። ጉዲፈቻ ወላጅ የሚያስፈልገው ልጅ ወላጅ የሚያገኝበት መንገድ ነው። ልጅ ናፍቆት የመጣን ሰው ይህን ስነግረው ይከፋዋል፤ ቢሆንም እነግረዋለሁ።

ወላጅ አልባ ማለት ደግሞ ለጉዲፈቻ የተዘጋጀ ማለት አይደለም። ዩኒሴፍ ወላጅ አልባ ብሎ የሚቆጥረው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያጣውን ልጅ ጭምር ነው። እናቱ በሕይወት ያለች፣ አያቱ የሚያሳድጉት ልጅ ቁጥሩ ውስጥ አለ። ስለዚህ «ይህን ያህል ሚሊዮን ልጅ ቤተሰብ እየጠበቀ ነው» ሲባል ቆም ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ የሚያስፈልጋቸው ለእናታቸው የሚደረግ እገዛ ነው።

ወደ ችግኙ ልመለስ። ስትነቅለው ከሥሩ ጋር አፈር ይመጣል። አንዳንድ ሕጎች አፈሩን ሙሉ በሙሉ ያራግፋሉ፤ ከመጀመሪያው ቤተሰብ ጋር ያለው ሕጋዊ ግንኙነት ይቋረጣል። ሌሎች አፈሩን ይተዉለታል። ፈረንሳይ ሁለቱንም ይዛለች፤ አንዱ ሙሉ ጉዲፈቻ፣ ሌላው ቀላል ጉዲፈቻ ይባላል። በቀላል ጉዲፈቻ ልጁ ከትውልድ ቤተሰቡም የመውረስ መብቱ ይቀጥላል። በእስልምና ሕግ ያለው ከፋላ ደግሞ ልጁን እንደ ልጅ ማሳደግን ያዛል፤ የዘር ሐረጉን ግን አይለውጥም፣ በራሱም ወራሽ አያደርግም። ኮንቬንሽኑ በአንቀጽ 20 ከፋላን ከጉዲፈቻ ጎን በስም ጠቅሶታል። ሁለቱን አንድ ናቸው ማለት ለሁለቱም አይጠቅምም።

የችግኙ ምሳሌ እዚህ ላይ ያልቅበታል። ችግኝ አይጠየቅም። ልጅ ግን እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ሊደመጥ ይገባል። እናትም ልጁን ገና ሳትወልድ «እሺ» ብትል አይቆጠርም። እ.ኤ.አ. በ1993 የተፈረመው የሄግ የጉዲፈቻ ስምምነት የእናት ፈቃድ ከወሊድ በኋላ ብቻ እንዲሰጥ፣ በገንዘብም እንዳይገዛ ያዛል። ስምምነቱ ከአገር ወደ አገር ለሚደረግ ጉዲፈቻ ነው፤ ከ100 በላይ አገሮች አባል ናቸው።

ታዲያ መረጃውን ከየት ልጀምር ለምትሉኝ፣ መጀመሪያ የምትኖሩበትን አገር የቤተሰብ ሕግ ራሱን አንብቡ። የጉዲፈቻው ምዕራፍ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ በአንድ ምሽት ያልቃል። ቀጥሎ የሕፃናት ጉዳይ የሚመለከተውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ገቢ፣ የሚፈለገው የቤት ጥናት (የአሳዳጊውን ቤትና ኑሮ የሚያይ ምርመራ) ከአገር አገር ስለሚለያይ የጓደኛችሁን ልምድ እንደ ሕግ አትያዙት። ልጁ ያለው በሌላ አገር ከሆነ የሁለቱንም አገር ሕግ ማወቅ ግድ ነው። አንዱ የፈቀደውን ሌላው ላያውቀው ይችላልና። የሄግ ስምምነት አባል አገሮች ጉዲፈቻን የሚከታተል ማዕከላዊ ባለሥልጣን የሚባል አካል አላቸው፤ ስምምነቱን ያዘጋጀው የሄግ ጉባኤ የሚባል ድርጅት ዝርዝራቸውን ያወጣል። አገናኝ ነኝ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ እዚያ አጣሩ። «ቶሎ ክፈሉ፣ ልጁ ሊያመልጣችሁ ነው» ካላችሁ ደግሞ ውጡ።

ቢሮ ስትገቡ «ምን ምን ሰነድ ያስፈልጋል?» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህ ውሳኔ ሲያልቅ በሕግ ወላጁ ማን ነው? ከትውልድ ቤተሰቡ ጋር ያለው ግንኙነት ምን ይሆናል? ውሳኔው ሊሻር ይችላል ወይ፣ በምን ምክንያት? የሚመልስላችሁ ሰው ሦስቱን ካምታታቸው ሌላ ሰው ፈልጉ።

የልጁን ፋይል ሙሉ ቅጂ ያዙ፤ የትውልድ ስሙን፣ የወላጆቹን መረጃ፣ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ። አንዳንድ አሳዳጊዎች «እንዳያዝን» ብለው ይጥሉታል። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት «የማን ልጅ ነበርኩ?» ብሎ እኔ ጋ የመጣ ወጣት አለ። ያቺ ወረቀት ብትኖር ኖሮ በአንድ ቀን እመልስለት ነበር። ሦስት ዓመት ፈለግን።