የካርቦን መልኮች፦ አልማዝ፣ ግራፋይት፣ ከሰልና ሌሎቹ

አልማዝ፣ የእርሳስ ግራፋይትና ጥላሸት በዋናነት ከአንድ ንጥረ ነገር፣ ከካርቦን፣ የተሠሩ ናቸው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ስሚዝሰን ቴናንት በ1797 እ.ኤ.አ. አልማዝ ሲቃጠል የሚወጣው እንደ ከሰል ሁሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን አሳይቷል። ልዩነቱ ያለው በአቶሞቹ አደራደር ላይ ነው፤ እነዚህ መልኮች አሎትሮፕ ይባላሉ።

በአልማዝ ውስጥ እያንዳንዱ አቶም ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር በ0.154 ናኖሜትር ርቀት በኮቫለንት ቦንድ (አቶሞች ኤሌክትሮን በመጋራት በሚፈጥሩት ትስስር) ይያያዛል። የሚንቀሳቀስ ኤሌክትሮን ስለማይተርፍ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሙቀትን ግን በአቶሞቹ ንዝረት አማካይነት ከመዳብ አምስት እጥፍ ገደማ በተሻለ ያስተላልፋል። ሌላ የተለመደ ማዕድን አይጭረውም፤ በመዶሻ ቢመታ ግን ይሰነጠቃል፤ በቀላሉ የሚላቀቅባቸው አራት አቅጣጫዎች አሉትና። ድንጋይና መስታወት ለመቁረጥ ወደር የለውም። ለብረት ግን አይሆንም፤ በሚፈጠረው ሙቀት ካርቦኑ ወደ ብረቱ እየሰረገ የመቁረጫው ጫፍ ቶሎ ይበላል። ለዚያ ሥራ ከቦሮንና ከናይትሮጅን የሚሠራው ጠንካራ ቁስ፣ ኪዩቢክ ቦሮን ናይትራይድ፣ ይሻላል።

ግራፋይት ንብርብር ነው። በአንዱ ንጣፍ ውስጥ እያንዳንዱ አቶም ከሦስት ጎረቤቶቹ ጋር ባለ ስድስት ጎን መረብ ይሠራል። ቦንዱ 0.142 ናኖሜትር ነው፤ እንዲያውም ከአልማዙ ያጥራል፣ ይጠነክራልም። ድክመቱ በንጣፎቹ መካከል ነው፤ 0.335 ናኖሜትር ተራርቀው በደካማ ኃይል ብቻ ይያዛሉ። እርሳስ ወረቀት ላይ የሚተወው ከዚህ የተላጠውን ነው። የእርሳሱ ውስጥ ግራፋይትና ሸክላ ተደባልቆ የተተኮሰ ሲሆን ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፣ መስመሩም ይደበዝዛል። የእያንዳንዱ አቶም ቦንድ ያልያዘው አራተኛ ኤሌክትሮን በንጣፉ ላይ ስለሚንቀሳቀስ ግራፋይት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በርካሹ የባትሪ ድንጋይ መሃል የሚገኘው ጥቁር ዘንግ ካርቦን የሆነው ለዚህ ነው። በዙሪያው ያለው ጥቁር ዱቄት ግን በአብዛኛው ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ነው።

ግራፋይት ያለሰልሳል ሲባል አንድ ቅድመ ሁኔታ ይዘለላል፤ በደንብ የሚንሸራተተው ከአየሩ እርጥበት ሲያገኝ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከፍ ብለው በሚበሩ አውሮፕላኖች ላይ የጄኔሬተሩ ካርቦን ብሩሾች (የሚሽከረከረውን ክፍል እየነኩ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት ቁርጥራጮች) በአየሩ መሳሳትና መድረቅ ሳቢያ በአጭር ጊዜ ዱቄት ይሆኑ ነበር። በቫክዩም (አየር በሌለበት) ለሚሠራ መሣሪያ ሞሊብደነም ዳይሰልፋይድ የተባለው ሌላ ደረቅ ማለስለሻ የሚመረጠው ከዚህ የተነሳ ነው።

በተለመደው ግፊት የተረጋጋው መልክ ግራፋይት እንጂ አልማዝ አይደለም። አልማዝ ሳይለወጥ የሚቆየው ቦንዶቹን አፍርሶ እንደገና መደርደር ብዙ ኃይል ስለሚጠይቅ ብቻ ነው። በአየር ውስጥ እጅግ ከጋለ ይቃጠላል፤ ኦክስጅን በሌለበት ከ1500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከጋለ ደግሞ ወደ ግራፋይት ይለወጣል። ሰው ሠራሽ አልማዝ የአሜሪካው ኩባንያ ጀነራል ኤሌክትሪክ በ1954 እ.ኤ.አ. በተሳካ ሁኔታ የሠራው ካርቦንን በቀለጠ ብረት ውስጥ አሟሙቶ፣ በ50 ሺህ አትሞስፌርና ከዚያ በላይ በሆነ ግፊት ነበር። በሌላው ዘዴ ጥቂት ሚቴን ከብዙ ሃይድሮጅን ጋር ይደባለቅና አልማዙ ከጋዙ ላይ ንጣፍ በንጣፍ ያድጋል። ሃይድሮጅኑ አብሮ የሚፈጠረውን ግራፋይት እየበላ ያስወግዳል፤ ካነሰ ግን ምርቱ ይጠቁራል።

ከግራፋይት አንዲት ንጣፍ ብትነጠል ግራፊን ትባላለች። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ጋይምና ኖቮሴሎቭ በ2004 እ.ኤ.አ. በፕላስተር እየላጡ ለይተዋት በ2010 የፊዚክስ ኖቤል አግኝተዋል። በ1985 እ.ኤ.አ. የተገኘው ባለ 60 አቶሙ ፉለሪን 12 ባለ አምስት ጎንና 20 ባለ ስድስት ጎን ገጾች ያሉት ክብ ሞለኪውል ነው፤ ቶሉይን በተባለ ፈሳሽ ሲሟሟ ሐምራዊ ይሆናል። ግራፊን ሲጠቀለል ደግሞ እጅግ ቀጭን ቱቦ፣ ናኖቲዩብ፣ ይሆናል።

ከሰልና ጥላሸት ሥርዓት የጎደላቸው ናቸው፤ ጥቃቅን የግራፋይት ቁርጥራጮች ተዘበራርቀው የተከማቹባቸው። ከሰልን ከ800 ዲግሪ በላይ በውሃ እንፋሎት ሲያክሙት ቀዳዳዎቹ ይበዙና የአንድ ግራም የውስጥ ገጽ ስፋት 1000 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ይህ አክቲቭ ካርቦን ሽታን፣ ክሎሪንንና የኦርጋኒክ ብክለትን ከውሃ ይለቅማል፤ ቀዳዳዎቹ ሲሞሉ ግን ሥራውን ያቆማል። ጨውና ፍሎራይድን በማስወገድ ረገድም ደካማ ነው። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ ለመቀነስ የተሞከረው የአጥንት ከሰል በስሙ ከሰል ይሁን እንጂ አብዛኛው ካልሲየም ፎስፌት ነው፤ ፍሎራይዱን የሚይዘውም ይኸው ፎስፌት ነው።