የኮከብን ብርሃን በትክክል በመለካት ፕላኔቶችን ማግኘትና ማጥናት

ከፀሐይ ውጭ ባሉ ኮከቦች ዙሪያ ከሚዞሩት ፕላኔቶች ውስጥ በቴሌስኮፕ ፎቶ የተነሡት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ የቀሩት የታወቁት በኮከባቸው ላይ በሚያሳድሩት ተጽዕኖ ነው። እስካሁን ከተረጋገጡት ከ6,000 በላይ ፕላኔቶች አብዛኞቹ የተገኙት ትራንዚት ፎቶሜትሪ በሚባለው ዘዴ ነው። የፕላኔቱ ምህዋር ከእኛ የእይታ መስመር ጋር ሲገጥም ፕላኔቱ በየዙሩ በኮከቡና በእኛ መካከል ያልፋል (ይህ ማለፍ ትራንዚት ይባላል)፤ በሚያልፍባቸው ሰዓታትም የኮከቡ ብርሃን በጥቂቱ ይቀንሳል። ቅነሳው በእኩል የጊዜ ልዩነት ከተደጋገመ ልዩነቱ የፕላኔቱን ዓመት ርዝመት፣ የቅነሳው መጠን ደግሞ የፕላኔቱን ስፋት ያመለክታል።

ሆኖም ብርሃኑ የሚነግረን የፕላኔቱን ስፋት በራሱ ሳይሆን ከኮከቡ ጋር ያለውን ንጽጽር ብቻ ነው። የጁፒተር ሬዲየስ የፀሐይን አንድ አሥረኛ፣ የሚጋርደው ገጽ ደግሞ አንድ መቶኛ ያህል ስለሆነ፣ በሩቅ ያለ ተመልካች ጁፒተር በፀሐይ ፊት ሲያልፍ የሚያየው የ1 በመቶ ቅነሳ ነው። የመሬት ሬዲየስ ግን የፀሐይ አንድ መቶ ዘጠነኛ በመሆኑ ቅነሳው 0.008 በመቶ ላይ ይወድቃል፤ ይህም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ለ13 ሰዓታት ያህል ብቻ የሚታይ ነው። የኮከቡ ሬዲየስ በስህተት ከተገመተ የፕላኔቱም በዚያው ልክ ይሳሳታል፤ የዘዴው ጥንካሬም ድክመትም ከዚህ ይመነጫል።

የምህዋሩ አቀማመጥም ሌላ ገደብ ነው። መሬት ከፀሐይ በምትርቀው ያህል ከኮከቡ የራቀ ፕላኔት ለእኛ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ የመታየት ዕድሉ ከ200 አንድ ያህል ሲሆን፣ ለኮከቡ በጣም ለቀረቡት ግን እስከ 10 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ፍለጋው አንድን ኮከብ መርጦ መጠበቅ ሳይሆን በአንድ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩትን መከታተል ግድ ይለዋል።

ፕላኔቶችን በዚህ ዘዴ የማግኘትን ሐሳብ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኦቶ ስትሩቨ እ.ኤ.አ. በ1952 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአጭር ጽሑፍ አንሥቶት ነበር። ትልልቅ ፕላኔቶች ለኮከባቸው እጅግ ቀርበው ሊዞሩ እንደሚችሉ ሲጽፍ ብዙም አድማጭ አላገኘም። ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ በ1995 በአራት ቀናት ገደማ የሚዞር ግዙፍ ፕላኔት ሲያገኙ ግን ግምቱ እውን ሆነ። እነርሱ የተጠቀሙበት ዘዴ ሌላ ነበር፤ የለኩት ኮከቡ በፕላኔቱ ስበት ምክንያት ወደ እኛና ከእኛ የሚያደርገውን እንቅስቃሴ ነው። በዚሁ የእንቅስቃሴ ልኬት የታወቀውን ኤችዲ 209458 ቢ የተባለ ፕላኔት፣ ዴቪድ ሻርቦኖና ባልደረቦቹ መስከረም 1999 ላይ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገቡ። የተጠቀሙበት ቴሌስኮፕ ስፋቱ 10 ሳንቲሜትር ብቻ ነበር። ግሬግ ሄንሪም በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በራሱ መሣሪያ ተመሳሳይ ውጤት አገኘ። ቅነሳው ከ1.5 በመቶ ጥቂት የበለጠና ሦስት ሰዓት ያህል የቆየ ነበር፤ ፕላኔቱም ከጁፒተር የሰፋ ሆኖ ሳለ እፍግታው ከውሃ ግማሽ እንኳ የማይሞላ መሆኑ ታወቀ።

በዚህ ሥራ ከመስተዋት ስፋት ይልቅ የመሣሪያው አለመናወጥ ይበልጥ እንደሚጠቅም የሚያሳየው የኬፕለር ቴሌስኮፕ ታሪክ ነው። የናሳው ዊልያም ቦሩኪ የመሬትን ያህል ትንንሽ ፕላኔቶች ከህዋ በብርሃን ልኬት ሊገኙ እንደሚችሉ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ቢከራከርም፣ የፕሮጀክቱ ሐሳብ ከ1992 እስከ 1998 ድረስ አራት ጊዜ ውድቅ ተደርጎበታል። ከተቃውሞዎቹ አንዱ የካሜራ ሴንሰር ይህን ያህል ጥቃቅን ለውጥ መለየት አይችልም የሚል ነበር። ቡድኑ መልሱን በቤተ ሙከራ አዘጋጀ፤ በሰሌዳ ላይ በተበሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ብርሃን አሳልፎ ሰው ሠራሽ ኮከቦችን ፈጠረ፤ በአንዳንዶቹ ቀዳዳዎች ላይም እጅግ ቀጭን ሽቦ ዘረጋ። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ሽቦው ሞቆ በመጠኑ ይወፍርና ከብርሃኑ የመሬትን ትራንዚት የሚያህል ጥቂት ክፍል ይከልላል። ሴንሰሩ ይህን ቅነሳ መለየቱ ተረጋገጠ፤ ፕሮጀክቱም በ2001 ጸደቀ።

መጋቢት 2009 የመጠቀው ኬፕለር በ42 ሴንሰሮቹ በሲግነስና በላይራ ኅብረ ኮከቦች አቅጣጫ 150,000 ያህል ኮከቦችን ያለማቋረጥ ተከታተለ። ሳይታሰብ የመጣው ችግር ከኮከቦቹ በኩል ነበር፤ ብዙዎቹ ከፀሐይ ይልቅ ብርሃናቸው የሚዋዥቅ ሆኖ ተገኘ፤ የመሬት ዓይነት ፕላኔቶችን ለማረጋገጥም ከታቀደው በላይ ጊዜ አስፈለገ። ግንቦት 2013 አቅጣጫውን ከሚጠብቁለት አራት ተሽከርካሪ ጎማዎች ሁለተኛው ተበላሸና ቴሌስኮፑ ወደ አንድ ነጥብ ረግቶ ማየት ተሳነው። መሐንዲሶቹ የፀሐይ ብርሃን በአካሉ ላይ የሚያሳድረውን ግፊት እንደ ሦስተኛ ሚዛን ተጠቅመው እስከ ጥቅምት 2018 አሠሩት፤ ለእኔ ከግኝቶቹ የማያንስ ሥራ ነው። በመረጃው ከ2,600 በላይ ፕላኔቶች ተረጋግጠዋል። በ2018 የመጠቀው ቴስ የተባለ የናሳ ቴሌስኮፕ ደግሞ በአራት ትንንሽ ካሜራዎች የሰማዩን አንድ አንድ ክፍል ለ27 ቀናት ያህል እየተመለከተ፣ ለቀጣይ ጥናት የሚመቹትን ቅርብና ደማቅ ኮከቦች ይፈትሻል።

ከምድር ላይ ሲለካ ከባቢ አየሩ የኮከቡን ብርሃን ያንቀጠቅጠዋል። ስለዚህ በዚያው ምስል ውስጥ ያሉ ሌሎች ኮከቦች አብረው ይለካሉ፤ ሁሉም አብረው ከደበዘዙ ምክንያቱ አየሩ ነው፤ አንዱ ብቻ ከደበዘዘ ግን ይመረመራል። በካናሪ ደሴቶችና በደቡብ አፍሪካዋ ሰዘርላንድ የቆሙት ዋስፕ የተባለው የፕላኔት ፍለጋ ፕሮጀክት መሣሪያዎች ይህን ያደርጉ የነበረው ለፎቶ አንሺዎች በተሠሩ የካነን ሌንሶች ነበር። የብርሃን ቅንጣቶች ቁጥርም ወሳኝ ነው፤ ከአሥር ሺህ አንድ እጅ ያህል ለውጥ የሚለይ ትክክለኛነት ለማግኘት ቢያንስ 100 ሚሊዮን ፎቶን መሰብሰብ ያስፈልጋል። በ2019 የመጠቀው የአውሮፓው ቴሌስኮፕ ኬኦፕስ ምስሉን ሆን ብሎ ያደበዝዘዋል፤ ምክንያቱም ብርሃኑ በብዙ ፒክሰሎች ላይ ሲበተን የአንዱ ፒክሰል ጉድለት ልኬቱን አያዛባም።

ቅነሳ ሁሉ ግን ፕላኔት አይደለም። እርስ በርስ የሚጋረዱ ጥንድ ኮከቦች ከአንድ ደማቅ ኮከብ ጀርባ ሲገኙ ብርሃናቸው ተደባልቆ የፕላኔት ትራንዚት ይመስላል። የቅነሳው ቅርጽ ይህን ለመለየት ይረዳል፤ ፕላኔት ሲያልፍ መስመሩ ወርዶ ለጥ ያለ ታች ሲኖረው፣ ጫፍ ለጫፍ የሚጋረዱ ኮከቦች ግን የሾለ ጎድጓዳ ይሠራሉ።

መጠነ ቁስ በቅነሳው ውስጥ የለም፤ ፕላኔቱ ድንጋያማ ይሁን ጋዝ ለማወቅ የኮከቡን እንቅስቃሴ መለካት ያስፈልጋል። አንዱ ልኬት ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው፦ በ2019 ኢትዮጵያ ቡና ብላ በሰየመችው ኮከብ ዙሪያ የሚዞረው አቦል የተባለ ፕላኔት የተገኘው በእንቅስቃሴ ልኬት ብቻ ስለሆነ፣ ከጁፒተር ብዙ እጥፍ እንደሚከብድ ቢታወቅም ሬዲየሱን በቀጥታ የለካው የለም። ፕላኔቶቹ ብዙ ሆነው እርስ በርስ ሲሳሳቡ ግን ብርሃኑ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ከእኛ 40 የብርሃን ዓመት ያህል በምትርቀው ትራፒስት 1 በተባለች ኮከብ ዙሪያ ያሉት ሰባት ፕላኔቶች ትራንዚታቸው በደቂቃዎች ይፈጥናል ወይም ይዘገያል፤ ከዚህ መዛነፍ መጠነ ቁሳቸው ተሰልቷል። ኮከቧ ሬዲየሷ የፀሐይ 12 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ መሬትን የሚያህል ፕላኔት ሲያልፍባት ቅነሳው 0.6 በመቶ ገደማ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፕላኔቶቿም የታወቁት በቺሊ በቆመ የ60 ሳንቲሜትር ቴሌስኮፕ ነው።

የፕላኔቱ ከባቢ አየርም በዚሁ መንገድ ይጠናል። ጋዞች አንዳንድ የሞገድ ርዝመቶችን ስለሚውጡ ፕላኔቱ በእነዚያ ቀለማት ሲታይ በጥቂቱ የሰፋ ይመስላል። በሃብል ቴሌስኮፕ በኤችዲ 209458 ቢ ላይ የሶዲየም ምልክት መታየቱ በ2002 ታትሟል፤ ዌብ ቴሌስኮፕ ደግሞ በ2022 በዋስፕ 39 ቢ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለየ። ፕላኔቱ ከኮከቡ ጀርባ ሲሰወር የሚቀንሰው ብርሃን የራሱ የፕላኔቱ ሙቀት ነው፤ በዚህ ስሌት የትራፒስት 1 ቢ የቀን ገጽ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል መሆኑ በ2023 ታውቋል፤ ይህም ወፍራም ከባቢ አየር እንደሌለው ያመለክታል።

እንደ ትራፒስት 1 ባሉ ትንንሽ ቀያይ ኮከቦች ላይ ትልቁ እንቅፋት የኮከቡ የራሱ ገጽ ነው። ጥቋቁር ነጠብጣቦቹና ደማቅ ሥፍራዎቹ ከፕላኔቱ ጋዝ ጋር የሚምታታ ምልክት ይፈጥራሉ። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ያዘጋጀው ፕላቶ የተባለ የህዋ ቴሌስኮፕ በ26 ካሜራዎቹ ትራንዚትን ሲጠብቅ በደማቅ ኮከቦች ላይ የብርሃናቸውን ረቂቅ ንዝረትም አብሮ ይለካል፤ ከንዝረቱ የኮከቡ ሬዲየስ፣ መጠነ ቁስና ዕድሜ ይሰላሉ፤ የፕላኔቱም ስፋት የሚወሰነው በዚያ ልክ ነው።