የጎንደር የቤት ዕቃና የቤት ጌጥ ሠሪዎች

በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ለቤት የሚሆን ዕቃና ጌጥ በእጃቸው የሚሠሩ ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በመኖሪያ ግቢያቸው፣ በበረንዳቸው ወይም በማኅበር ተደራጅተው ባገኙት ሼድ ውስጥ ነው። ሸክላ ሠሪዎች፣ ስፌት ሰፊዎች፣ ሸማኔዎች፣ አናጢዎች፣ ቆዳ ሠራተኞችና ሠዓሊዎች ይገኙባቸዋል። በሌላው ዓለም ነፃ የዲዛይን ስቱዲዮ የሚባለው፣ ነዳፊውና ሠሪው አንድ ሰው የሆነበትና በትንሽ መጠን የሚያመርት የሥራ ቤት፣ በጎንደር ያለው በዚህ መልክ ነው። ዋናው ልዩነት የሠሪው ስም ነው። የስቱዲዮ ዕቃ የሠሪውን ስም ይዞ ሲሸጥ፣ የጎንደር መሶብ ወይም ጀበና ግን ገበያ ላይ ሲደርስ ማን እንደ ሠራው የሚያውቀው የለም። ስለዚህ በዚህች ከተማ ታስቦበት የተሠራ ዕቃ የሚፈልግ ሰው ዋና ሥራው ከዕቃው ተነሥቶ ሠሪው ዘንድ መድረስ ነው።

ከተማዋ በ1628 ዓ.ም. የአፄ ፋሲል መናገሻ ሆና ስትቆረቆር ቤተ መንግሥቱ፣ መኳንንቱና አብያተ ክርስቲያናቱ ብዙ ባለሙያ ይፈልጉ ነበር። ግንበኛው፣ አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ብራና ፋቂውና ሠዓሊው በግቢው ዙሪያ ሰፈሩ። የአፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ግንብ ውስጡ በዝሆን ጥርስ፣ በመስታወትና በወርቅ ቅብ ያጌጠ እንደ ነበረ ሲነገር ኖሯል። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ የተደረገው ጉባኤ ደግሞ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ፤ የሙያ ክፍፍሉም ከሰፈር ክፍፍሉ ጋር ተሳስሮ ቀጠለ። ንግድና ሽመና በኋላ አዲስ ዓለም በተባለው የሙስሊሞች ሰፈር በረታ፤ ሸክላ፣ ብረት ሥራና ሽመና ደግሞ የቤተ እስራኤል መንደሮች መተዳደሪያ ሆነ።

ባለሙያው ግን እንደ ሥራው አልተከበረም። ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ ቡዳ ተብለው ይፈሩና ይገለሉ ነበር፤ የሠሩት ድስት በየማጀቱ ሲጣድ እነርሱ ግን ከማዕድ ይርቁ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበር ያሳያል። የእጅ ሥራ ያለ ስም የመሸጡን ልማድ አንዳንድ ሰዎች በትሕትና ሲያስረዱት ይሰማል፤ ይህ ግን የነገሩን ግማሽ ይሸፍናል፣ ለብዙ ትውልድ የሠሪነትን ስም ማሳወቅ ጉዳት እንጂ ጥቅም አልነበረውምና።

ይህ ታሪክ ጎልቶ የሚታየው በወለቃ ነው። መንደሩ ከከተማዋ በስተ ሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይገኛል። የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ታላላቅ የጉዞ ዘመቻዎችና ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ከሄደ በኋላ መንደሩ ከቀድሞ ባለቤቶቹ ባዶ ቢሆንም፣ የሸክላ ሥራው በአብዛኛው በክርስቲያን ጎረቤቶች እጅ ቀጥሏል። በመንገዱ ዳር የተደረደሩት ትናንሽ የሸክላ ምስሎች፣ አንበሳውና የሰው ቅርጹ፣ ለጎብኚ ተብለው የሚሠሩ ናቸው። በዚያው አካባቢ ፕላውሼር በሚል ስም የሚታወቀው የሴቶች የእደ ጥበብ ማሠልጠኛም ችግር ላይ ለወደቁ ሴቶች ሸክላ፣ ሽመናና ስፌት በማስተማር የሠሩትን በቦታው ይሸጣል።

የሸክላው አሠራር ሲያዩት ቀላል ቢመስልም ስሕተትን አያልፍም። አፈሩ ከተቆፈረ በኋላ ደርቆ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውኃ ተለውሶ ይታሻል፤ እሳት ላይ የሚውለው ዕቃ እንዳይሰነጠቅም የተፈጨ ገል ይቀላቀልበታል። መዘውር የለም። ሠሪዋ ጭቃውን እየደረበች በእጇ ታሳድገዋለች፣ ዙሪያውን እየፋቀች ታሳሳዋለች፣ ጠፈፍ ሲል ደግሞ በለሰለሰ ጠጠር ደጋግማ ትፈትገዋለች። ብልጭታው የሚመጣው ከዚህ ፍተጋ ነው፤ የተቸኮለበት ዕቃ ወደ ብርሃን ዘወር ሲደረግ የጠጠሩ ፈለግ ተቆራርጦ ይታያል። ቃጠሎው ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት የሚከናወን ሲሆን፣ ጥቁር እንዲሆን የሚፈለገው ዕቃ ገና ትኩስ ሳለ በሚጨስ ነገር ታፍኖ ጭሱን እንዲጠጣ ይደረጋል። አንድ ሌሊት የጣለ ዝናብ የሳምንት ሥራ ሊያበላሽ ስለሚችል በክረምት ሥራው ይቀዘቅዛል። በሐምሌ ወለቃ ወርዶ ብዙ ዕቃ አለማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም።

ስፌት ከሸክላ በተቃራኒ በጎንደር ገጠርና ከተማ ሴቶች ዘንድ ሁልጊዜም የተከበረ ሙያ ነበር። ስንደዶና አክርማ ከክረምት በኋላ ሣሩ ሳይጠነክር ይለቀማል፤ ከፊሉ በቀለም ተነክሮ አለላ ይሆናል። ሰፊዋ በወስፌ እየወጋች ሣሩን በሣር ትጠመጥማለች፤ ዙሩ ከመሐል ተነሥቶ እየሰፋ ሄዶ ሰፌድ፣ ሌማት፣ ሙዳይ ወይም መሶብ ይሆናል። ንድፉ በወረቀት ላይ የለም። በስንተኛው ዙር ቀዩ ገብቶ በስንተኛው ጥቁሩ እንደሚተካው ሰፊዋ በቃሏ ትቆጥራለች፤ በቆጠራው አንድ ጊዜ ከተሳሳተች ጥለቱ ሲገጥም ክፍተቱ ይታያል። የአንድ መሶብ ሥራ ከቤት ሥራ ጋር እየተፈራረቀ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል፣ በስፌት ዋጋ ላይ የሚከራከር ገዢ የሚከራከረው ስለ ሣሩ ሳይሆን ስለ ሰፊዋ ጊዜ ነው። አገልግልም የዚሁ ዘር ነው፤ የተሰፋው ዕቃ በቆዳ ይለበጥና ለመንገደኛ ስንቅ መያዣ ይሆናል፣ ዛሬ ግን ይበልጡን የሚታየው ሳሎን ውስጥ ነው።

የሸማኔው ጥጥ የሚመጣው በዋናነት ከመተማና ከቋራ ቆላ ነው። ጥጡ ተዳምጦ፣ ተባዝቶ፣ በሴቶች እንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ይሆናል፤ ሸማኔው ግን ለድሩ የፋብሪካ ክር፣ ለማጉ የእጅ ፈትል መጠቀምን ይመርጣል፣ የእጅ ፈትል በድርነት ሲወጠር ይበጣጠሳልና። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ አልጋ ልብስም፣ የሶፋ መደረቢያም ይሆናል። የጠረጴዛ ልብስ፣ መጋረጃና የትራስ ልብስ የሚሠሩ ሸማኔዎችም አሉ፤ ይህ ግን የሽመና ስፋት ከሸማኔው እጅ ስፋት ስለማይበልጥ ሰፋፊ መጋረጃ በመገጣጠም ብቻ እንደሚገኝ አስቀድሞ ማወቅን ይጠይቃል። መገጣጠሚያውን ደብቆ ከሚሰፋው ይልቅ በጥለት አጉልቶ የሚያሳየው ሸማኔ በእኔ ግምት የተሻለ ነዳፊ ነው።

የእንጨት፣ የቀንድና የቆዳ ሥራው ባጭሩ ሊታለፍ ይችላል። ከዋንዛና ከወይራ የሚሠራ በርጩማ፣ ከቀንድ የሚወጣ ዋንጫና ማንኪያ፣ ከቆዳ የሚሠራ መከዳ በከተማዋ ይገኛሉ፤ ከሌሎች የሀገሪቱ ከተሞች ሥራ ግን ያን ያህል አይለዩም።

ጎንደር የራሷ የሆነ መልክ ያላት በሥዕል ነው። የጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች አንደኛና ሁለተኛ የጎንደር ዘይቤ ብለው የሚለዩት አሣሣል ከዚህች ከተማ የወጣ ሲሆን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የጎለመሰው ሁለተኛው ዘይቤ በለሰለሰ ጥላ፣ በደማቅ ቀለምና በአበባ ባጌጠ አልባሳት ይታወቃል። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያን የሞሉት ባለ ክንፍ መላእክት ፊቶች ከሁሉም በላይ እየተቀዱ የሚሣሉ ናቸው። በብራና፣ በፍየል ቆዳ፣ በሸራ፣ በትራስ ልብስና በሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ላይ ሳይቀር ይገኛሉ። የብራና ሥዕሉ ላይ የቀድሞውን ቀለም አመራረጥ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሠዓሊዎች አሉ፤ ይሁን እንጂ በአብዛኛው የሚሸጠው ዓይኖቹ ብቻ ተመስለው መስመሩ የተዘነጋ ግልባጭ ነው፣ ምእመኑ ቀና ብሎ የሚያየውን የመቅደስ ሥዕል ትኩስ ብርጭቆ ማሳረፊያ ማድረግ ተገቢ መሆኑም ቢያንስ ሊጤን ይገባዋል።

አዲስ ንድፍ የሚባለው ዕቃ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንዱ የታወቀውን ቅርጽ አሳንሶ ለጌጥ ማዋል ነው፤ ቡና የማይፈላበት የጣት ቁመት ጀበናና እንጀራ የማያስገባ መሶብ ከዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው ከአገልግሎቱ የሚነሣ ነው። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ቤተሰብ የሙሉ መሶብ ቦታ ስለሌለው ለሁለት ሰው የሚሆን ዝቅ ያለ መሶብ ይሰፋል፤ ሙዳዩ የጌጥና የቁልፍ ማስቀመጫ ይሆናል፤ ትልልቅ ሰፌዶች በግድግዳ ላይ በመጠን ተደርድረው ይሰቀላሉ፤ የስፌት ጉልላት ተገልብጦ የመብራት ሽፋን ይሆናል። ይህ ሁለተኛው መንገድ በአዲስ አበባ ከሚገኙ ስቱዲዮዎች ጋር የሚያመሳስል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ሳባሃር፣ ለምሳሌ፣ የእጅ ሽመናን በጉሎ ቅጠል ከሚመገብ የሐር ትል ክርና ከጥጥ ጋር አዋሕዶ የቤት ጨርቅ ያመርታል፣ ዕቃውንም በራሱ ስም ይሸጣል። በጎንደር የጎደለው ችሎታ አይደለም፤ ዕቃውን ከሠሪው ስም ጋር አስተሳስሮ የሚያቀርብ ሰው ነው።

ገዢው ከሠሪው የሚገናኝባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። የቅዳሜ ገበያ ከሁሉ ይልቃል፤ ከገጠር የመጡት ሰፊዎችና ሸክላ ሠሪዎች ማለዳ ዕቃቸውን ዘርግተው ራሳቸው ስለሚሸጡ፣ ጠዋት የሚደርስ ሰው ከሠሪዋ ጋር ይነጋገራል፣ አርፍዶ የሚመጣ ግን ዕቃውን አስቀድሞ ከሰበሰበው ነጋዴ ይገዛል። በፒያሳና በፋሲል ግቢ አካባቢ ያሉት ሱቆች ለመምረጥ ይመቻሉ፤ ማን ሠራው ለሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ የሚመልሱት የአካባቢውን ስም ብቻ ነው። ባለ ሱቁ የሠሪዋን ስም ቢናገር ደንበኛው እርሷ ዘንድ ሊሄድበት ስለሚችል ዝምታው ከንግድ አንፃር ይገባል። ወጣት ሠሪዎች በቴሌግራም ቻናልና በቲክቶክ ሥራቸውን ማሳየት ከጀመሩ ወዲህ ይህ ዝምታ በመጠኑ ላልቷል።

ዕቃውን መመርመር የሚቻለው በእጅ ነው። ጀበናና ድስት በጣት ሲመታ የሚያቃጭል ድምፅ ከሰጠ በደንብ ተቃጥሏል፤ የደነዘዘ ድምፅ ብዙ ጊዜ ስንጥቅ ወይም ያልበሰለ ጭቃ መኖሩን ይነግራል። የስፌት ጥራት የሚለየው ከውስጡ ነው፤ ክዳኑን ከፍቶ ዙሮቹ የተጠባበቁ መሆናቸውን ማየት፣ እርጥብ ነጭ ጨርቅ በአለላው ላይ ማሸትና ቀለሙ መልቀቅ አለመልቀቁን መፈተን ይበጃል። ጥለት ያለው ጨርቅ ደግሞ ተገልብጦ ይታያል፣ የተልከሰከሰ ክር የሚደበቀው ከጀርባው ነውና።

በሕግ በኩል አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለኢንዱስትሪ ንድፍ ጥበቃ ይሰጣል። ጥበቃው ግን ለአዲስ ንድፍ ብቻ ስለሆነ ከአያት የተወረሰ ቅርጽ አይካተትበትም፤ የራሷን አዲስ ጥለት የፈጠረች ሰፊም ቢሆን እስክታስመዘግበው ድረስ ጎረቤቷ፣ አልፎም በፋብሪካ የሚያትም ነጋዴ፣ ሊገለብጠው ይችላል። ለማስመዝገብ የሚጠይቀው ወረቀትና ጉዞ ከአንድ መሶብ ትርፍ ጋር ሲነጻጸር ለብዙዎች የማይታሰብ ነው። በማኅበር የተደራጁ ሠሪዎች ቢያንስ የጋራ ምልክት በዕቃው ሥር ቢያትሙ ጅምሩ ርካሽ ነው፤ ሸክላ ሳይደርቅ ምልክት በጣት ጥፍር ማኖር ምንም አያስወጣም።

የሰሜኑ ጦርነትና ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ወደ ጎንደር የሚመጣውን ጎብኚ ክፉኛ ቀንሶታል። ለጎብኚ ብቻ የሚሠሩት ይበልጥ ተጎድተዋል፤ ምጣድ፣ ድስት፣ ጋቢና መሶብ የሚሠሩት ግን የሀገሬው ሠርግና ዓመት በዓል ስላለላቸው ገበያቸው ሙሉ በሙሉ አልተቋረጠም። ጥር የሠርግም የጥምቀትም ወር በመሆኑ ትእዛዝ የሚበዛበት ነው፤ ለዚያ የሚደርስ መሶብ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ከመስከረምና ከጥቅምት ጀምሮ ቀብድ ሰጥቶ፣ መጠኑን በስንዝር ወይም በሴንቲ ሜትር አስታውቆ ያዛል። ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ዕቃ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ስለሚጓዝ ሸክላው በጭድ ተሞልቶና ተጠቅጥቆ ይታሰራል፤ ስፌት ውስጡ በጨርቅ ይሞላና ከላይ ምንም ሳይጫንበት ይሄዳል። አዲስ ጀበናና ምጣድ ደግሞ ከመገልገል በፊት ይሟሻሉ። ይህን ሁሉ ሠሪዋ ራሷ ለገዢው ትነግረዋለች፤ የአሟሟሹ ዝርዝር ከመንደር መንደር ስለሚለያይም መጠየቅ የሚገባው ያንን ዕቃ የሠራችውን ሴት ነው።