የብረት ድካም ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ላይ «ሲነሳ ሞተሩ ጠፋ» ከተባለ ዕድሜ ጠገቦቹ ትዝ የሚላቸው መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ገና ሲነሳ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገባ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። የዚያን ቀን ጥፋት የመጣው ከውጭ ነው። የብረት ድካም ግን ከብረቱ ከራሱ ይነሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብረት አንዴ ቢጫኑት በቀላሉ የሚችለውን ሸክም፣ ሺህ ጊዜ ሲጭኑትና ሲያራግፉለት ላይችለው ይችላል። መጀመሪያ በዓይን የማትታይ ስንጥቅ ትፈጠራለች። መነሻዋ ተራ ነገር ነው፤ ጭረት፣ በደንብ ያልተበሳ ቀዳዳ፣ ብረቱ ሲቀልጥ አብሮት የቀረ ባዕድ ነገር። ከዚያ በየጭነቱ ቅንጣት ታህል ትገፋለች። የተሰበረውን ፊት ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ተከታታይ መስመሮች ያገኛል። ጣና በበጋ ሲጎድል ዳር ጭቃው ላይ የሚተወውን የውሃ ምልክት ቁርጥ! ከመስመሮቹ ማዶ ያለው ሸካራ ቦታ፣ የተረፈው ብረት አቅቶት በአንዴ የተበጠሰበት ነው።

አውሮፕላን ሲነሳ ይህ ድካም ለምን ይብሳል? ሞተሩ ጉልበቱን ሁሉ የሚያወጣው ያኔ ነዋ። ሞተሩ ውስጥ ያለው ክብ ብረት፣ ዲስኩ፣ ይግላል፤ በኃይል ይሽከረከራል፤ ዙሪያውን የተሰኩት ብሌዶች (ምላጭ መሰል ክንፎች) ወደ ውጭ ይስቡታል። ስለዚህ የዲስክ ዕድሜ በዓመት ሳይሆን በበረራ ብዛት ይቆጠራል። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ደግሞ ከ10 ሰዓት በላይ። በዚህ ቆጠራ ግን ሁለቱም አንድ አንድ ናቸው። አጭር መስመር የሚመላለስ ሞተር ቁጥሩን ቶሎ የሚሞላው ለዚህ ነው። ሲሞላ ዲስኩ እንከን ባይታይበትም ይጣላል። ብክነት ይመስላል፣ አይደለም። ብሌድ ቢሰበር የሞተሩ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ይይዘዋል፤ የዲስክ ስባሪን ግን የሚያቆመው የለም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ቺካጎ ላይ የታየውም ይኸው ነው። ለመነሳት የሚንደረደር ቦይንግ 767 የቀኝ ሞተሩ ዲስክ ተበጠሰ። አንዱ ስባሪ 900 ሜትር ገደማ በርሮ መጋዘን ውስጥ ወደቀ። ነዳጁ ተቀጣጠለ። አብራሪዎቹ ፍሬን ይዘው አቆሙት፤ 170ውም ሰው በሕይወት ወጣ። የሚገርመው፣ ዲስኩ ገደቡ ገና አልሞላም ነበር። ፋብሪካ ሲመረት ውስጡ የቀረ እንከን ነው ከዓመታት በኋላ ስንጥቅ የወለደው። ከዚያ ወዲህ መሰል ዲስኮች በአልትራሳውንድ እንዲመረመሩ ታዟል፤ ላዩን ብቻ ማየት ውስጡን አያሳይማ።