«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ»፦ በሬው ግን እውነት ሞኝ ነው?

ይቺን አባባል የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። አንድ ሰው ጥቅሙን ብቻ አይቶ ዘሎ ሲገባና በኋላ ጉድ ሲፈላ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» እንላለን። ሀብት አይቶ ያገባ፣ ወለዱን ሳይጠይቅ የተበደረ፣ «በወር እጥፍ ይሆንልሃል» ተብሎ ያለ የሌለውን ያስረከበ፣ በደላላ ወሬ በረሃ የገባ፣ ለሁሉም የምትባለው ይቺው ናት። ትርጉሟም አጭር ነው፣ ፊት ለፊት ያለው ጥቅም ከኋላው ያለውን አደጋ ጋረደው ማለት ነው። እኔ መጻፍ የፈለኩት ግን ብዙ ሰው እንደ ስድብ ስለሚጠቀማት ነው፣ እኔ ባደኩበት በደጀን በኩል፣ አባይ አፋፍ ላይ፣ እንደዛ አልነበረችም።

«ሆይ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። የሚሳደብ ሰው «አንተ በሬ!» ነው የሚለው። ሆይ ግን የጸሎትና የሙሾ ቃል ናት፣ ያዘነ ሰው ነው የሚጠራባት። አባባሏ በሬው ከወደቀ በኋላ ከላይ አፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች እያየ የሚናገር ሰው ድምፅ አላት።

ምስሏም ከእረኛ ውሎ የመጣ ነው። በኛ በኩል ሜዳው ሁሉ ጤፍ ነው፣ ለከብት የሚቀረው ድንበሩ፣ የወንዝ ዳሩና አፋፉ ነው። ግንቦት ሲሆን ጭዱ አልቋል፣ ዝናቡ ገና ጀማምሯል፣ እርሻው ደሞ ደርሷል፣ እና በሬው በዓመቱ ውስጥ ከሁሉም ጊዜ በላይ በሚራብበት ሰዓት ነው ከሁሉም ጊዜ በላይ ጉልበት የሚጠየቀው። በዛ ሰዓት ለምለም ሳር ያለው የት ነው? ሌላ ከብት ያልደፈረው ጫፉ ላይ ነዋ።

አስራ አንድ ዓመቴ ሆኖ የአያቴን በሬዎች ስጠብቅ ቦራ የምንለው ግንባሩ ነጭ በሬያችን እዛ ጫፍ ላይ ሄደብኝ። ስሮጥ ደርሼ ነበር፣ እሱም መጨረሻ ላይ ደንግጦ ሊመለስ ሞክሯል፣ የኋላ እግሩ ሲንሸራተት አይቻለሁ፣ ግን አፈሩ እርጥብ ስለነበር ከነሳሩ ተናደ። ጎረቤቶች ተሰብስበው አንዱ ያቺኑ ተረት ሲል አያቴ «ተው እስቲ፣ ሆዱ እየጎተተው ዓይኑ ምን ያርግ» አለው። እኔንም አልቆጣኝም። የዛን ዓመት የቀረችንን አንድ በሬ ከሰው በሬ ጋር በመቀናጆ እያጣመድን አረስን።

ሆዱ እየጎተተው ዓይኑ ምን ያርግ የሚለውን ነገር ሳይኮሎጂ ስማር ነው የተረዳሁት። ስለ ሞቲቬሽን፣ ማለትም ወደ አንድ ነገር ስለሚገፋፋን ፍላጎት ሲወራ ሁሉም ሰው የሰውን ፍላጎቶች በደረጃ ያስቀመጠውን ማስሎውን ይጠራል፣ ለኛ በሬ ግን የሚቀርበው ከርት ሌዊን ነው። ሌዊን ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደ የሳይኮሎጂ ሰው ነው፣ በዙሪያችን ያለ ነገር ወይ ይስበናል ወይ ይገፋናል፣ አንዳንዱ ደሞ ሁለቱንም ባንዴ ያረገናል ይል ነበር። ሳርና ገደል አንድ ቦታ ላይ ማለት ነው።

ከዛ ኒል ሚለር የሚባል የሳይኮሎጂ ተመራማሪ በ1944 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ይሄን ነገር በአይጥ አስረዳው። አይጧ በጠባብ መንገድ ሮጣ ምግብ ታገኛለች፣ ትለምደዋለች፣ ከዛ እዛው ምግቡ ጋ ኤሌክትሪክ ይነዝራታል። በሚቀጥለው ስትለቀቅ ትሮጥና መሃል ላይ ትቆማለች፣ ወደፊት ትላለች ወደኋላ ትላለች። ጀድሰን ብራውን የሚባል ሌላ ተመራማሪ ደሞ በ1948 አይጦቹ ላይ ማሰሪያ አድርጎ ጉተታቸውን ለካ። የተራበችው ከሩቅም ከቅርብም ትጎትታለች፣ ልዩነቱ ትንሽ ነው። የፈራችው ግን አደጋው ጋ ስትሆን በሃይል ትሸሻለች፣ ራቅ ስትል ፍርሃቱ ጭራሽ የለም ሊባል ይችላል። እዚ ጋ ነው ቦራ ትዝ ያለኝ! ረሃብ ከሩቅ ይጎትታል፣ ፍርሃት ግን የሚነሳው ጫፉ ላይ ከደረስክ በኋላ ነው። አይጧ ቆም የምትልበት ቦታ የሁለቱ ሃይል እኩል የሚሆንበት ነው፣ ረሃቡ ሲብስ ያ ቦታ ወደ አደጋው ይጠጋል። አይጧ የቆመችበት ወለል ደግሞ አይናድም፣ የኛ አፋፍ ግን ይናዳል።

«ሳታይ» የምትለዋም ቃል የራሷ ነገር አላት። ኢስተርብሩክ የሚባል ተመራማሪ በ1959 ስሜት በጣም ሲግል ትኩረት ይጠባል፣ ዋናው ነገር ላይ ይተከልና ዳር ዳር ያለው ይጠፋል ብሎ ጻፈ። በሰው ላይ ደሞ በ1944 እና 45 አሜሪካ ውስጥ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የሚባል ተመራማሪ 36 ፈቃደኛ ወንዶችን ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ረሃብ አቆይቷቸው ነበር፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተራበውን ህዝብ እንዴት እንመግብ ለማለት። ጤነኛ፣ የተማሩ፣ በገዛ ፈቃዳቸው የገቡ ሰዎች ናቸው። ከጊዜ በኋላ ወሬያቸው ምግብ፣ ህልማቸው ምግብ ሆነ፣ አንዳንዶቹ የምግብ አሰራር መጽሐፍ ቁጭ ብለው የሚያነቡ ሆኑ፣ ሌላው ነገር ሁሉ ደበዘዘባቸው። እነዚህን ሰዎች ሞኝ የሚል የለም። ታዲያ ከሰፈራችን በረሃ አቋርጦ የሄደውን ልጅ «በሬ ሆይ» ስንለው፣ ከመሄዱ በፊት ስንት ዓመት ስራ ፈትቶ እንደተቀመጠ ማን ጠየቀ? ገደሉንማ ሰምቷል፣ ሁላችንም ነግረነዋል፣ ግን ገደሉ ለሱ ሩቅ ነበር ሳሩ ደሞ በየቀኑ በስልኩ ይታየዋል።

አያቴ ሚለርን አያውቅም። ግን በሚቀጥለው ግንቦት ሌላ በሬ ሲገዛ ከመኸር ጀምሮ አንድ ክምር ጭድ ለይቶ አስቀምጦ ነበር፣ ማንም እንዳይነካት ብሎ። ጠዋት ጠዋት ጨው የሟሟበት ውሃ እየረጨ ለሁለቱም ካበላቸው በኋላ ነው ለኔ የሚለቅልኝ፣ «አሁን ወደ አፋፉ ቢሄዱም ሲጠሯቸው ይሰማሉ» እያለ።