ፑቴአል ምንድን ነው?

ፑቴአል በላቲን ጽሑፎች እምብዛም የማያጋጥም ስም ነው። የወጣው ፑቴዩስ ከሚለው ቃል ሲሆን ትርጉሙ የውሃ ጉድጓድ ነው። ፑቴአል የሚባለው ግን ጉድጓዱ ሳይሆን ሰው እንዳይገባበት በአፉ ዙሪያ የሚቆመው ክብ ድንጋይ ነው። በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው በጥንቷ የሮማውያን ከተማ በፖምፔ ፍርስራሽ ውስጥ ዛሬም ይታያል፤ ጠርዙን ልብ ብሎ ላየው፣ ባልዲ ሲወርድና ሲወጣ ገመዱ ድንጋዩን እየፈገፈገ ያወጣበት መስመር አለ። ገንዘብ ያለው ደግሞ በቅርጻ ቅርጽ ያሳምረው ነበር። ሮማዊው ፖለቲከኛና ጸሐፊ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ67 ገደማ ግሪክ አገር ይኖር ለነበረው ወዳጁ ለአቲኩስ ሲጽፍ፣ ምስል የተቀረጸባቸው ሁለት ፑቴአሎች እንዲፈልግለት አዞታል።

እስከዚህ ቀላል ነው። አንባቢን የሚያደናግረው ውሃ የሌለበት ፑቴአል ነው። ሮማውያን መብረቅ የመታውን መሬት የተቀደሰ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ማንም እንዳይረግጠው ልክ እንደ ጉድጓድ አፍ በድንጋይ ይከልሉታል። ይህም ፑቴአል ተባለ።

የከበረ ነገር የተቀበረበት ቦታም እንዲሁ ነው። በአፈ ታሪኩ የሮም ንጉሥ ታርኲኒዩስ፣ በወፍ በረራ ገድ የሚያየውን አቱስ ናቪዩስን ሊፈትነው ፈልጎ በልቡ ያሰበው ነገር ይቻል እንደሆነ ይጠይቀዋል። ናቪዩስ ይቻላል አለ። ንጉሡ ያሰበው ለካ የስለት መሳያ ድንጋይ በምላጭ መቁረጥ ኖሯል! ድንጋዩም ተቆረጠ ይባላል። ሲሴሮ እንደሚተርከው ምላጩና ድንጋዩ ሕዝብ በሚሰበሰብበት በኮሚቲየም ተቀብረው ፑቴአል ቆመባቸው።

ለእኔ ከሁሉም የሚጥመው ሦስተኛው ነው። በሮም ዋና አደባባይ፣ በፎሩም፣ «የሊቦ ፑቴአል» የሚባል ነበር። ችሎትና አራጣ አበዳሪ የሚገኘው በዚያው አካባቢ ስለሆነ ስሙ ዕዳን ማስታወሻ ሆነ። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ባለዕዳን የሚያስፈሩትን ሲዘረዝር ፑቴአልን የሚያነሣው ከወር መባቻ ጋር ነው፤ ወለድ የሚከፈለው በመባቻ ነበርና። እዚህ ላይ «ጉድጓድ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ባለዕዳው ውሃ የሚፈራ ያስመስለዋል። የዚህ ፑቴአል መልክ በ62 ቅድመ ክርስቶስ ገደማ ሉኪዩስ ስክሪቦኒዩስ ሊቦ ባስመታው የብር ዲናር ላይ ቀርቷል፤ የአበባ ጉንጉን ተንጠልጥሎበት፣ ግራና ቀኙን ክራር መሳይ መሣሪያ ተቀርጾበት ይታያል።